የተቀመጡበትን ሳይሆን የለቀቁትን ቁጠሩ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ሲሾም መጀመሪያ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። የየት አገር ልጅ ነው? የማን ወገን ነው? ሃይማኖቱስ? ምን ሠርቶ ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ እሱ ወይ ምቀኛ ነው ወይ ተቃዋሚ። ሰውየው ሲሾም እልል ትላላችሁ። ሲወርድ «ድሮም እኮ!» ትላላችሁ። በመሀል የሠራበት ወይም የተኛበት ጊዜ የማንም ጉዳይ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ተረቱን ያወጡት ሰዎች እየቀለዱ ይመስለኛል። እኛ ግን እንደ ምክር ይዘነው ቀረን።

ስለዚህ ዛሬ የማናችንም ወገን ስላልሆኑ ሰው ላውራችሁ። አባ ቴዎዶር ሄስበርግ ይባላሉ። አሜሪካዊ የካቶሊክ ቄስ ናቸው፣ የቅዱስ መስቀል ማኅበር አባል። በ1917 በኒው ዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከተማ ተወለዱ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ አገር ቤት ስንገባ እነግራችኋለሁ)። በ1952 ኢንዲያና የሚገኘው የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሲሾሙ ዕድሜያቸው 35 ነበር። ከዚያ 35 ዓመት መሩት።

ያን ጊዜ ኖተርዳም ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ኳሱን ነበር፤ የአሜሪካኑን፣ በእጅ የሚያዘውን። ሲረከቡ ወደ 5 ሺህ ተማሪ ነበረው፣ ሲያስረክቡ 9,600። የዓመት በጀቱ ከ9.7 ሚሊዮን ዶላር ወደ 176.6 ሚሊዮን ደረሰ። ትርፉ እየተበላ ዋናው የማይነካው የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ገንዘብ ደግሞ ከ9 ሚሊዮን ወደ 350 ሚሊዮን አደገ። ይህን ሁሉ ብር ያስገቡት ሰው የድህነት መሐላ የገቡ መነኩሴ ናቸው። የራሴ የሚሉት ሀብት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ ሊቀመንበሮች አላችሁ። «አያችሁ? 35 ዓመት! ለሥራ እኮ ጊዜ ያስፈልጋል!» ልትሉ ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ። 35 ዓመት ወንበር ላይ መቀመጥ እኛም እናውቅበታለን። እኔ የማወራላችሁ ስለ 1967 ነው።

ኖተርዳም በ1842 ከተመሠረተ ጀምሮ የማኅበሩ ንብረት ነበር። መሬቱም፣ ሕንፃውም፣ ሹመቱም በካህናቱ እጅ ነው። በ1967 አባ ሄስበርግ ማኅበራቸውን አሳምነው ዩኒቨርሲቲውን ምእመናንና ካህናት አብረው ለሚቀመጡበት ቦርድ አስረከቡት። ፕሬዚዳንቱ ከማኅበሩ ካህናት አንዱ ይሁን የሚለው ደንብ አልተነካም። የሚመርጠው ግን ቦርዱ ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ ሰውየው ከወንበራቸው ሊያነሷቸው የሚችሉ ሰዎችን በገዛ እጃቸው አምጥተው ከበላያቸው አስቀመጡ። ያን ጊዜ 15 ዓመት መርተዋል፣ ስማቸው አገር አውቆታል፣ የገፋቸውም የለም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ተመልከቱ። ማኅተሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር የማኅበር ሊቀመንበር የማያውቅ ማን አለ? የባንክ ፈርማውን ለማንም የማያካፍል የዕድር ዳኛስ? አሜሪካ ያላችሁት ደግሞ ብሳችኋል። ቤተ ክርስቲያን ለመግዛት ታክሲ የሚነዳውም ሽማግሌ የሚጠብቀውም ከሌሊት ሥራው አዋጥቶ፣ ሕንፃው በተገዛ ማግስት የቦርድ ጠብ ይነሳል። ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ፈረንጁ ዳኛ በአስተርጓሚ ስለ ሰበካ ጉባኤ እየሰማ ግንባሩን ያሻል። ለጽላቱ የተዋጣው ብር ለጠበቃ ይከፈላል። አታፍሩም?

«መሥራቹ እኔ ነኝ» የምትለዋን ነገር ተዉአት። አባ ሄስበርግ የተቀበሉት 110 ዓመት የሆነውን ቤት ነው። ማኅበሩ «እኛ መሠረትነው፣ እኛው እንያዘው» ቢል ከማናችሁም የበለጠ መብት ነበረው።

በዚያው በ1967 ዊስኮንሲን ውስጥ ላንድ ኦሌክስ በሚባል ቦታ፣ ዩኒቨርሲቲው ሐይቅ ዳር በነበረው ይዞታ፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መሪዎችን ሰበሰቡ። ከዚያ የወጣው መግለጫ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከማንኛውም ባለሥልጣን፣ መንግሥትም ይሁን ቤተ ክህነት፣ ነጻ ሆኖ ማስተማርና መመርመር አለበት የሚል ነበር። ይህን ቄስ ናቸው ያስጻፉት! ብዙ ካቶሊኮች እስከ ዛሬ ይነቅፏቸዋል፣ እምነቱን አላላው ይላሉ። ክርክሩ የእነሱ ነው። እኔን የገረመኝ ሰውየው ለራሳቸው አለቆች ማጎንበስ እንቢ ማለታቸው ነው። ከዚያም በፊት በ1954 ከቫቲካን በኩል አንድ የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ ከገበያ ይነሳ የሚል ግፊት መጥቶባቸው አልተቀበሉትም።

አሁን አገር ቤት ልግባ። የእኛም የመጀመሪያው ኮሌጅ መሪ እኮ ካቶሊክ ቄስ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእኛው አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ንጉሡ አደራውን የሰጡት ከዚያ በፊት በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለሠሩት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ (ኢየሱሳውያን የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ናቸው) ለሉሲየን ማት ነው። ኢየሱሳውያን ንጉሡን ካቶሊክ አድርገው አገር የታመሰበትን የሱስንዮስን ዘመን የማይረሳ አገር ኢየሱሳዊ መሾሙ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀሚሳቸውን አውልቀው በሱፍና በከረባት ሠሩ፣ ሰውም «ዶክተር ማት» አላቸው። ስብከት የለም፣ ትምህርት ብቻ። የኦርቶዶክስ ንጉሥ ኮሌጅን ካቶሊክ ሳያደርጉ መሩት። ያን ጊዜ ሰው «ሥራውን ይችላል ወይ?» ብሎ ነው የሾመው።

ዛሬስ? የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሲሾም የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነ አገር ይያዝልን የሚል ሰልፍ አይተናል። ልጆቻችን በማደሪያ ክፍላቸው በብሔር እየተለዩ ተጣልተዋል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርገው አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኖ ገባበት። መልካም። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ ቦርዱ ውስጥ እነማን እንደተቀመጡ ያያችሁ? ስለ ትምህርት ክፍያው ስትንጫጩ ሰምቻለሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ክፍያ ያስጨንቃል። ስለ ቦርዱ ግን አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም። የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ነው እኮ።

ሌላም አለ። እኛ ከማንስማማው ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ትተናል። በፈረንጆቹ 1957 አሜሪካ የሲቪል መብት ኮሚሽን ስታቋቁም አባ ሄስበርግ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበሩ። ስድስት ናቸው፤ ግማሹ የደቡብ ሰዎች፣ ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል አይቀመጥ በሚባልበት አገር ያደጉ። በ1959 ሪፖርታቸውን ለመጨረስ ሉዊዚያና ውስጥ አየር ኃይል ሰፈር ገቡ። ሙቀቱ አይቻልም፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ምስክር የሚሰሙበትን ስብሰባ አግዶባቸዋል። ሁሉም ተነጫነጨ። አባ ሄስበርግ አውሮፕላን አስነስተው ይዘዋቸው ወደ ላንድ ኦሌክስ በረሩ። ሥጋ ተጠበሰ። ማታ ጀልባ ላይ ወጥተው ዓሣ አጠመዱ። ስድስቱም ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበርና። ከዚያ ተቀምጠው ከ12ቱ የውሳኔ ሐሳቦች በ11ዱ ላይ ያለ ልዩነት ተስማሙ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንዴት ሆነላችሁ ብለው ሲጠይቁ አባ ሄስበርግ የዓሣውን ነገር ነገሯቸው ይባላል። እኛም ኮሚሽን አላነሰንም። ያነሰን አብሮ መብላት ነው።

ነገሩ ሁሉ ዓሣና ሥጋ አልነበረም። በ1964 ቺካጎ ውስጥ በሶልጀር ፊልድ ስታዲየም ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዘምሩ የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። በ1969 ተማሪ በየግቢው ሲያምጽ፣ ሰላማዊ ተቃውሞ ይቻላል፣ የሌላውን ሥራ የሚያውክ ግን 15 ደቂቃ ማሰቢያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይባረራል የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ለእኔ ይህ ለወጣቱ ከባድ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ግን ደስ ብሏቸው አመሰገኗቸው። አባ ሄስበርግ በምስጋናው አልሰከሩም፤ መንግሥት ተማሪ የሚቀጣ ሕግ እንዳያወጣ መልሰው ተከራከሩ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሆነውም የኒክሰንን መንግሥት በጥቁሮች መብት ላይ መለገሙን በአደባባይ ነቀፉ። በ1972 ያው ያመሰገኗቸው ኒክሰን ከኮሚሽኑ አስወጧቸው። ሹመትን ለማቆየት ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኛ ጋ ስሙ «ብልህነት» ነው።

መልአክ አላደርጋቸውም። ሴቶች ለመጀመሪያ ዲግሪ ኖተርዳም የገቡት በ1972 ነው፤ ዘግይቷል። ከ150 በላይ የክብር ዶክትሬት ሰብስበዋል፤ እኛ አንዷን ይዘን «ዶክተር በሉኝ» የምንለውን ሰዎች ይህ ያስቀናን ይሆናል። ጉዞ ስለሚያበዙ ተማሪው ይቀልድባቸው ነበር፦ «እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ፤ ሄስበርግም በሁሉም ቦታ አለ፣ ከኖተርዳም በስተቀር»። ግቢ ሲገኙ ግን ቢሯቸው ውስጥ መብራቱ እስከ ሌሊት ይበራል። ተማሪ በእሳት አደጋ መውጫው ደረጃ ወጥቶ መስኮት ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ችግሩን ያወራል። እናንተ ስንቱን ጸሐፊ፣ ስንቱን ጥበቃ አልፋችሁ ነው ኃላፊ የምታገኙት?

አሜሪካ ያላችሁትን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ከ1979 እስከ 1981 የስደተኞችን ፖሊሲ የመረመረውን ኮሚሽን የመሩት እኚሁ ቄስ ናቸው። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሕጋዊ ይሁኑ ብሎ ኮሚሽኑ ሐሳብ አቀረበ። በ1986 የወጣው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ሕጋዊ አደረገ። «አምነስቲ» ያላችሁት ያ ነው። በዚያ በር የገባ ሐበሻ ዛሬ ቡና እየጠጣ «በሩ ይዘጋ» ሲል ስሰማ ምን እንደምል አላውቅም።

በ1987 ሄስበርግ ወረዱ። 35 ዓመት ምክትላቸው ከነበሩት ከአባ ኤድመንድ ጆይስ ጋር መኖሪያ ባለው መኪና አገር ለአገር ዞሩ። ዓመቱን ከግቢ የራቁት ሆን ብለው ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት በየኮሪደሩ አሮጌውን እያየ እንዳይሸማቀቅ። ሲመለሱ በስማቸው በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት 13ኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተሰጣቸው፣ በ2015 በ97 ዓመታቸው እስኪሞቱም ጠያቂ አልጠፋባቸውም።

የእናንተ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ መቼ ነው? ሂዱ። ቁርሱን ብቻ በልታችሁ አትውጡ። ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ባንኩ ላይ ስንት ሰው እንደሚፈርም ጠይቁ። ሊቀመንበሩ የሚወርድበት ቀን ደንቡ ውስጥ ካለ አስነብቡት፣ ከሌለ ዛሬውኑ ይጻፍ በሉ። «አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?» የሚላችሁ አይጠፋም። ጥያቄያችሁን ድገሙለት።