የባሌ ዋሻዎችን ዳሰሳ ማን ይክፈል?

አራት ሆነን ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ክርክሩን የለኮሰው አስጎብኚው ወዳጄ ነው። ከባሌ የተመለሰ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። "ተራራው ላይ የጥንት ሰው የኖረበት ዋሻ ሞልቷል፤ መንግሥት ለምን አያስጠናውም?" አለ። ዕድሜያቸውን በበጀት ሥራ የጨረሱት ጡረተኛው ጋሼ ማኪያቷቸውን እንኳ ሳይቀምሱ "በምን ገንዘብ?" ብለው ጠየቁ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልተነሳም።

አራተኛዋ አርኪዮሎጂ ተምራ አሁን ኤንጂኦ ውስጥ ሪፖርት የምትጽፍ ልጅ ናት። ነገሩ የሚነካት እሷን ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። የጀርመን ተመራማሪዎች የሚበዙበት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተሳተፈበት ቡድን ቆፈረው። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዛሬ 47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ያኔ ከበላዩ ባለው አምባ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ነው። ምግባቸው ደግሞ ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ አጥንቱ ከነቃጠሎው ተገኝቷል። ይህ ፍልፈል ዛሬም ያለው ባሌ ብቻ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም የሚኖረው እሱን እየበላ ነው። የጥንቱ ሰውና ቀበሮው ባለ አንድ ገበታ ነበሩ ማለት ነው።

"ይኸው!" አሉ ጋሼ። "ጀርመኖቹ ከፈሉ፣ ቆፈሩ፣ ተገኘ። እኛ ምን ጎደለብን? ያለችን ሳንቲም ለስካውት፣ ለፓርኩ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ለእሱ ደመወዝና ለውሻ ክትባት ትዋል።"

የውሻ ክትባት ያሉት ለቀልድ አይደለም። ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እ.ኤ.አ. ፓርኩ ውስጥ ባለው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ፈጅቷል። በመላ አገሪቱ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀበሮዎች ደግሞ 500 እንኳ አይሞሉም።

"ጋሼ፣ ጥያቄውን የሚያወጣው እኮ የከፈለው ነው" አለች ልጅቷ። "እነሱ የመጡት ቆላው ሲደርቅ ሰው ወደ ተራራ ሸሽቶ ይሆን ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልስም አገኙ። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ሊኖረን ይችላል። ከብት ተራራው ላይ መቼ ወጣ? ወደ ቅዱሱ ስፍራ፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄደው ተሳላሚ በየት በየት ያልፍ ነበር? የት ያድር ነበር? ይሄን እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል?"

"ቁፋሮ ውድ ነው፣ ልጄ።"

"ቁፋሮ ማን አለ? እኔ የምለው ዳሰሳ ነው። ዳሰሳ እግር ነው። ሸለቆውን ይዘው መሄድ፣ ዋሻ ሲገኝ መግባት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ጂፒኤሱን መመዝገብ፣ መውጣት። ምንም አይነሳም። ወጪው የፈረስ ኪራይ፣ ነዳጅና አበል ነው።"

ጋሼ ሳቁ። "አበል ያልሽው ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ወረቀቱ ላይ ሃያ ቀን፣ ተራራው ላይ አምስት ቀን። ስንቱን ፈርሜያለሁ መሰለሽ!"

እዚህ ላይ አስጎብኚው ነገር ላብርድ ብሎ ይሁን ላሳምር ብሎ እንጃ፣ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ አንድ ጥቁር ባልጩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣት ያክላል። አንዱ ጠርዝ ስስ ነው፤ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ብርሃን ያሳልፋል። በዚያው ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ሽርፍራፊዎች ተሰልፈዋል። የሰው እጅ ያለበት ይመስላል።

ልጅቷ አልነካችውም። "ከየት አነሳኸው?"

"ሳነቴ አምባ ላይ።"

"ሳነቴ የት?"

"ያው... ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው መንገድ ዳር። ፎቶ ልናነሳ የቆምንበት ጋ።"

"በቃ አሁን ድንጋይ ነው። ከጎኑ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። የቅርስ አዋጁንም ታውቀዋለህ አይደል? 209/1992። ሰው በአጋጣሚ ያገኘውን ማሳወቅ አለበት እንጂ ኪሱ አይከተውም። ቱሪስት ይዘህ የምትሄድ ሰው!"

ልጁ ኩምሽሽ አለ። ጋሼ ግን ምቹ ድንጋይ አገኙ። "እንግዲህ አስቢው። እናንተ ካርታ ታወጣላችሁ፤ ካርታውን እንዲህ ያለው ጮሌ ይይዘዋል። ያልታወቀ ዋሻ ቢያንስ ያልተዘረፈ ዋሻ ነው።"

እውነቴን ነው፣ ይሄ የቀኑ ምርጥ ነጥብ ነበር። እሷም ወዲያው መልስ አላገኘችም። ቆይታ ነው "ሳይታወቅ እያለቀስ?" ያለችው። ዋሻ ባዶ አይደለም። እረኛ ከብቱን ያሳድርበታል፣ እሳት ያነድበታል፣ እበቱን ይጠርግበታል። በክፋት አይደለም፤ ቤቱ ነው። በሌላ በኩል ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሲሆን የተመዘገበው በተፈጥሮ መስፈርት ብቻ ነው፤ በውበቱና በብዝኃ ሕይወቱ። የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ግን ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገቡት በባህላዊ መስፈርት ነው። እንግዲህ ስለ ባሌ ለዩኔስኮ ሪፖርት ሲጻፍ ቀበሮው ይቆጠራል፣ የደጋ አጋዘኑ ይቆጠራል። ዋሻውን ቁጠሩ ብሎ የሚያስገድድ የለም።

የኔን ሐሳብ ላስቀምጥ። ከክትባቱ ብር አንድ ሳንቲም እንዳይነካ፤ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። በሽታው ከገባ ወራት አይሰጥም። ዳሰሳው ግን በአገር ገንዘብ መሠራት አለበት፤ እዚህ ላይ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ቁፋሮውን የውጭ ፈንድ ይሸፍነው፣ ላቦራቶሪውም የእነሱ ነው። የትኛው ሸለቆ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ ግን የለጋሽን ጥያቄ ተከትሎ እዚህም እዚያም ብቻ መሞላት የለበትም።

ልጅቷ የምታልመው በየጊዜው ከአዲስ አበባ የሚወጣ የባለሙያ ቡድን ነው። ይሄን አልደግፍም። ስካውቶቹ ለጥበቃ ብለው ተራራውን ይዞሩታል፤ የትኛው ዋሻ ውስጥ ከብት እንደሚያድር፣ የትኛው እንደሚያፈስ ያውቃሉ። እረኞቹ ደግሞ ከነሱም ይብሳሉ። አንድ ባለሙያ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ ተቀምጦ ባልጩትና ተራ ድንጋይ መለየትን፣ ፎቶ አነሳስን፣ ሳይነኩ መመዝገብን ያስተምራቸው። ለቁፋሮ ፈቃድ የሚጠይቅ የውጭ ቡድንም አንድ ዋሻ ሲቆፍር የአንድ ሸለቆ ዳሰሳ ወጪ ይሸፍን፤ የትኛው ሸለቆ እንደሆነ ግን እኛ እንምረጥ። የጋሼን ስጋት በተመለከተ፣ መዝገቡ ፓርኩና ቅርስ ባለሥልጣን ጋ ይቀመጥ። ለአስጎብኚ አይሰጥ። ወዳጄ ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ መጨረሻ ላይ ለስለስ አሉ። ልጅቷን "አንድ ገጽ በጀት ጻፊና አምጪልኝ፣ አየዋለሁ" አሏት። ብቻ አበሉ በቀን ሳይሆን በተመዘገበ ዋሻ ልክ ይከፈል ባይ ናቸው። እኔ ይሄ አልተዋጠልኝም። በዋሻ ቁጥር ከተከፈለ በዓመቱ ባሌ ላይ ዋሻ ያልሆነ ድንጋይ አይኖርም። በቀን ይከፈልና የሄዱበት መንገድ ከጂፒኤሱ ይታይ፤ አምስት ቀን የሄደ ሃያ ቀን ማለት አይችልም።