የሚያንኳኳ አታሳጣን

ከለገሃር ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስንወጣ፣ ዋናውን ፖስታ ቤት አለፍ እንዳልን፣ መኪናዬ ማንኳኳት ጀመረች። ጠጠር በጣሳ ከትቶ የሚነቀንቅ ልጅ ከኮፈኑ ሥር የገባ ነው የሚመስለው። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። አጠገቤ የተቀመጠው የባለቤቴ ወንድም ጆሮውን ቀሰረ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«አሁን ተሻላት» አለ።

ስለ አማቼ ክፉ መናገር አልፈልግም። ያደረገው እኛ ሁላችን የምናደርገውን ነው። ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርጋለን፤ ጣሪያ ሲያፈስ ጣሪያውን ትተን ባልዲውን እናስተካክላለን። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራበት ጥቁር ፕላስተር የለጠፈበት፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው አውቃለሁ። ማታ ማታ ዓይኑን ይወጋው ነበር አሉ።

መኪናዬ የ1994 ሞዴል፣ አውሮፓ ሠራሽ፣ ባለ 2.3 ሊትር ቤንዚን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለ ቱርቦ ናት። የሠሪዋን ስም አልጠራም፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለች አሮጊት በስተርጅና አትታማም። ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን ከሸጠ የውጭ አገር ሰው ላይ ስገዛት «ቱርቦ ናት» የምትለዋን ቃል ከሊብሬው እኩል ነው የተረከብኳት። ቱርቦ ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። «ቱርቦ ናት» ሲሉኝ «እንዴታ!» እላለሁ፤ ያልገባውን ነገር በኩራት የሚያጸድቅ ሰው ቃል ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ወደ ውጭ የሚጣለው ትኩስ ጭስ አንድ መዘውር እንደ እንዝርት ያሾራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የሚጣል ጭስን ሥራ ማስያዝ ማለት ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው አየር ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚውለው። ባለ ቱርቦዋ ግን ስሱን አየር ጨምቃ የጎደለባትን ታሟላለች።

ታሟላለች የተባለው በወረቀት ነው። እኔ ከገዛኋት በኋላ ዓመት ሳይሞላ ደከመች። ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ነዳጅ ስሰጣት «ፍስስ» እያለች ታዛጋለች። አንድ ቀን ወደ እንጦጦ ስወጣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቀደመኝ። ሾፌሩ ሲያልፈኝ ያሳየኝን የርኅራኄ ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ ወጣት መካኒክ ኮፈኑን ከፈተና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስተላልፈው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥሩ መሰንጠቁን አገኘ። ነገሩን ያስረዳኝ በወጥ ነው። ወደ ቱርቦው የሚገባውን አየር መግቢያው ላይ የሚቆጥር መሣሪያ አለ፤ «መቶ ሰው ገብቷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩም አምኖ ለመቶ ሰው የሚሆን ቤንዚን ያፈሳል። ሠላሳው እንግዳ ግን በስንጥቁ ሾልኮ ወጥቷል። የተረፈው ወጥ በጥቁር ጭስ መልክ በማርሚታው ይደፋል። መዝገብ ላይ ያለ፣ ማዕድ ላይ የሌለ አየር! መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት መካኒክነት አያስፈልገውም።

ልጁ ስንጥቁን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ ጠፈረው። መኪናዬም ወጣት ሆነች። ወጣትነቷን ለማሳየት አማቼን ይዤ የወጣሁ ዕለት ነው እንግዲህ ቸርችል ላይ ማንኳኳት የጀመረችው።

በአገራችን ሰው ሲታመም ሐኪም ይፈለጋል፤ መኪና ስትታመም ግን ሐኪም ያልሆነ ሰው ይጠፋል። መኪናዋን ያቆምኩበት ቦታ የሚሠራው ሊስትሮ ብሩሹን ሳያስቀምጥ «ቢየላ ነው ጋሼ» አለኝ፤ ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ማለቱ ነው። ድምፁን ሰምቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። የቢሮ ባልደረባዬ «ቤንዚኑ ነው» ብሎ ኦክቴን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት በጣሳ አስገዛኝ። በማግሥቱ ደግሞ «የእኔም መኪና እዚያው ማደያ ነው የምትቀዳው፤ ምንም አልሆነችም» ብሎ በራሱ ምርመራ ላይ ይግባኝ ጠየቀ። ጎረቤቴ «ዘይቱ ቀጥኗል» ብለው ወፍራም ዘይት አስቀየሩኝ፤ ከዚያም ወፍራሙን የሚያወፍር ሌላ ጣሳ። በየሳምንቱ አንድ ጣሳ እገዛለሁ፣ አፈስሳለሁ፣ ባዶውን ለቆራሌው ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ሻንጣው እወረውራለሁ። አማቴ ኮፈኑ ላይ ጸበል ረጩ። ከታዘዙልኝ መድኃኒቶች ሁሉ ገንዘብ ያላስወጣኝና ሞተሩን ያልጎዳው እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሄድኩበት ጋራዥ ባለቤት ሞተሩን አላስነሣም። ኮፈኑን በአንድ እጁ ከፍቶ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ «ይውረድ» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ!»

ሞተር ማውረድ የጋራዥ ስብከት ማሳረጊያ ነው፤ ምንባቡ የትም ይጀምር የትም፣ መጨረሻው እዚያ ነው። ሆድ ቁርጠት ይዞት የሄደውን ሰው ደጃፍ ላይ «ይቀደድ» እንደ ማለት። የነገረኝን ዋጋ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ቄራ አካባቢ ወደሚሠሩት ሽማግሌ መካኒክ የወሰደኝ ተስፋ መቁረጥ ነው። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኮፈኑን ልከፍት ስል «ተወው ልጄ፣ መጀመሪያ ንገረኝ» አሉ።

«ቢየላ ነው ይላሉ ጋሼ።»

«የሰው ወሬ አልጠየቅኩህም። መቼ ነው የምታንኳኳው? ጠዋት ብርድ ላይ ነው ወይስ ስትሞቅ? ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ? እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሣ ምን ትላለች?»

አንድም ጥያቄ በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ድምፁ ሳወራ ከርሜ ድምፁን አንድ ቀን እንኳን አላዳመጥኩትም ለካ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ አብረን ወጣን። ከቄራ ወጥተን እስክንመለስ ድረስ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቆመን ነዳጅ ስሰጣት ዝም፤ ሜዳ ላይ ዝም፤ ዳገት ላይ ስጫናት ቅጭልጭል፤ እግሬን ሳነሣ ወዲያው ጭጭ።

«ቢየላ ቢሆን» አሉ ስንመለስ «ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከሥር እንደ ሙቀጫ ይመታል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ይብስበታል። ቫልቭ ቢሆን ከላይ ነው፣ እንደ ስፌት መኪና ቀጭን ነው። የጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ ቢሆን ጠዋት ያንኳኳና ብረቱ ሲሞቅ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ዝም ይላል።» ይህን እያሉ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሐኪም ከቦታ ቦታ አዳመጡ። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሰው ሰኩ፤ የታመመ ቢየላ ያለበት ሲሊንደር እሳት ሲነፈገው ድምፁ ይለወጣል አሉ። የተለወጠ ነገር የለም።

«ይሄ የብረት በሽታ አይደለም። የችኮላ በሽታ ነው።»

የሰርግ ቤት ቡፌን አስቡት። ካንዴላው እሳት ሲጭር እሳቱ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ዳር እየተዳረሰ ፒስተኑን በሥርዓት ወደ ታች ይገፋል፤ መጀመሪያ ሙሽሮቹ፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ ቀጥሎ የቅርብ ዘመድ እንደሚነሣው። ጭመቃውና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ዳር ላይ ያለው ነዳጅ እሳቱ እስኪደርሰው አይጠብቅም፤ በራሱ ይፈነዳል። የመጨረሻው ጠረጴዛ ሰዎች «ክትፎው ሊያልቅ ነው» ተባብለው በአንድ ጊዜ ሲነሡ ማለት ነው። ሰሃን ከሰሃን ሲጋጭ የምንሰማው ቅጭልጭታ ያኔ ይመጣል፤ ሲበረታም ፒስተን ይበሳል። ኦክቴን የሚሉት የቤንዚኑ የትዕግሥት መለኪያ ነው። ባልደረባዬ በዚያው ቤንዚን በሰላም የሚኖረው መኪናው ቱርቦ ስለሌላት ነው፤ በእኛ ስስ አየር የምትጨምቀው ጥቂት ስለሆነ ትዕግሥት የለሽ ቤንዚንም ይበቃታል። ጨምቃ የምታሟላዋ የእኔዋ ናት ትዕግሥት የሚያስፈልጋት።

መኪናዋ ከእኔ የተሻለች ሆና የተገኘችው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ የማንኳኳቱን ድምፅ የምትሰማ ጆሮ ተገጥማላታለች፤ በሰማች ቁጥር ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ጥቂት ያዘገየዋል። ያቺ ጆሮ ሁለት ወር ሙሉ ስትጮህ እኔ ጣሳ እየገዛሁ ነበር።

(በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ ያገኘሁትን ልጨምር፤ ብቻዬን አለመሆኔ ስላጽናናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የወጣችው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በዓለም ላይ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች አንዷ ናት። ጭመቃዋ 10.25 ለ 1 ነበር፤ እንዳታንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከአንድ ዕቃ እየተቀዳ ይረጭላታል። ባለቤቶቹ ዕቃውን መሙላት ይረሳሉ። ባዶ ሲሆን መኪናዋ ራሷን ለማዳን የቱርቦውን ግፊት ትቀንሳለች፤ እነሱም «ደከመች» ብለው ይከሳሉ። ኋላ ላይ የብዙዎቹ ቱርቦ ተነቅሎ ተራ ካርቡራተር ተገጠመላቸው። ፈሳሽ ከመሙላት ቱርቦ መንቀል የቀለለው ሰው ሁሉ፣ ኧረ ምን ልበል፣ ሥጋ ዘመዴ ነው።)

ሽማግሌው ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር አስጎተቱ። አንድ የቧንቧ ክዳን አላቸው፤ መሀሉን በስተው የጎማ ቫልቭ ተክለውበታል። ያንን የቱርቦው አፍ ላይ አስረው ሞተሩ ጠፍቶ አየር ሰጡት፤ ግማሽ ባር ብቻ፣ ለጎማ ከምንሰጠው ሩብ ገደማ። ከዚያ የልብስ ሳሙና በጥብጠው በቀለም ብሩሽ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቀቡ። ከመነዳሪው ጥፈራ ላይ ትንንሽ አረፋ ወጣ። «ይሄ ግድ የለም፣ ጥሩ አስሯል ልጁ» አሉ። ከቱርቦው ጎን ሲደርሱ ብሩሹ ቆመ። ከእስክሪብቶ የማትወፍር አንዲት ቱቦ ጫፏ ላይ አረፋ ነፋች፤ አረፋው አደገ፣ ቀስተ ደመና ሠራ፣ ፈነዳ፣ ሌላ ተተካ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

ያቺ ቀጭን ቱቦ መልእክተኛ ናት። ቱርቦው ግፊት ሲያበዛ «በቃ» የሚለውን ወሬ ይዛ ጣሳ ወደምታክል ዕቃ ትሄዳለች፤ ዕቃዋም ዘንግ ገፍታ ጭሱ መዘውሩን ሳያሾር የሚያልፍበትን የማስተንፈሻ በር ትከፍታለች። ጫፏ ሲሰነጠቅ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አቤቱታ አለቃው ዘንድ ሳይደርስ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያድረው። በሩ አይከፈትም፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይግላል፣ ቡፌው ይረበሻል። ቀድሞ ለምን አላንኳኳችም? ትልቁ ስንጥቅ ትርፉን ግፊት ያስተነፍስላት ነበራ! አንደኛው ጥፋት የሌላኛውን ገመና ሸፍኖ ኖሯል፤ ልጁ ትልቁን በደንብ ሲደፍን ትንሿ ተጋለጠች። ሁለቱ እስካሉ ድረስ ደካማ ግን ሰላማዊ መኪና ነበረችኝ። እንዲህ ተቻችለው የሚኖሩ መሥሪያ ቤቶች አውቃለሁ።

አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ቆርጠው ቀየሩ፤ ወፍራሙንም በአዲስ ተኩልኝ። ለትንሿ የጠየቁኝ ዋጋ ለዘይት ካወጣሁት ጋር ሲነጻጸር ስለሚያሳፍር ሻይ ጨምሬ ከፈልኩ።

በማግሥቱ አማቼን ይዤ ከለገሃር ተነሣሁ። ሬዲዮውን ራሴ አጠፋሁት። ፖስታ ቤቱን አለፍን፤ ዝም። ነዳጅ ሰጠኋት፤ ሽቅብ ተወረወረች፤ ዝም። አማቼ በመደነቅ ራሱን ነቀነቀ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል አንድ ጉድጓድ ዘለልን።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቅጭልጭል።

ልቤ ቀጥ አለ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ በጭንቀት ዞርኳት። አማቼ ከኋላ በኩል ሻንጣውን ከፈተው። ስድስት ባዶ ጣሳዎች፣ የኦክቴኑ፣ የዘይቱ፣ የማወፈሪያው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተንከባለው ገና አልረጉም ነበር።

ከመንገዱ ማዶ አንድ የማላውቀው ሊስትሮ ብሩሹን እንደያዘ ቀና አለ።

«ቢየላ ነው ጋሼ!»