ይድረስ ለክቡር የወርቅ ጥንዚዛ

ይድረስ ወርቅ ለብሰው የስኳር ድንቼን ቅጠል ወንፊት ለሚያደርጉት ክቡርነትዎ፤ ጤናዎ እንደምነው? መቼስ ደህና ነዎት፣ ቅጠሉን አይቼዋለሁ።

በቅድሚያ አለባበስዎን ላድንቅ። ርዝመትዎ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ሽክ ማለቱ ላይ ግን ማንም አይደርስብዎትም፣ መሃሉ ወርቅ ዳር ዳሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፈፍ። ታዲያ ጣቴን ጠጋ ሳደርግ ወርቁ ቀስ እያለ ይጠፋና ቀይ ይሆናሉ፣ ለካ ወርቅ የሚባል ነገር የለም፣ ከላይኛው ሽፋንዎ ስር በስስ ንጣፎች መሃል ያለች ፈሳሽ ናት ብርሃኑን እንደዛ የምታንጸባርቀው፣ እሷ ስትሸሽ ከስር ያለው ቀይ ፍጥጥ ይላል። ሲሞቱማ ወርቁም አብሮ ይሞታል፣ ወራሽ እንኳን አይጠቀምበትም።

ጉንዳን ሲመጣ ደግሞ አይሮጡም፣ ክፈፉን ቅጠሉ ላይ ልጥፍ፣ እግርና አንቴናዎን ከስር ሽጉጥ፣ ከዛ ዝም። ጉንዳኑ ዞሮ ዞሮ የሚነክሰው ያጣል። ነገሩ የዘር ነው፣ ዘንባባ የሚበላው ሰማያዊ ዘመድዎ እግሮቹ ላይ ያሉትን 60,000 ገደማ ጥቃቅን ፀጉሮች ዘይት ቀብቶ ሲጣበቅ የክብደቱን 60 እጥፍ ገደማ በሚሆን ኃይል ቢጎትቱት ለ2 ደቂቃ ይቋቋማል። ወንበር ላይ እንኳን እንዲህ የተጣበቀ አላየሁም (አይ፣ አይቻለሁ)።

ልጆችዎስ? ወላጅ በወርቅ፣ ልጅ በኩስ! ልጅዎ ገና እጭ ሳለ ጭራው ላይ ባለች ሹካ ያወለቀውን ቆዳና የራሱን ኩስ ከምሮ ጀርባው ላይ ይዞ ይዞራል፣ ጉንዳን በዚህ ሲነካው ወደዚህ፣ በዛ ሲነካው ወደዛ ያዞርበታል። ቀልድ እንዳይመስልዎ፣ እነ የነፍሳት ተመራማሪው ቶማስ አይዝነር በ1967 በሌላ ዘመድዎ እጭ ላይ ኩሱ እውነትም ጉንዳን የሚመልስ ጋሻ መሆኑን አሳይተዋል። እኔም አንዱን ከቅጠል ላይ ላነሳ ብዬ ያንን ጥቁር ክምር ወደ ጣቴ ሲያነሳብኝ እጄን ሰበሰብኩ፣ አንተ የማታፍር ልጅህን እንዲህ ነው የምታሳድገው… ይቅርታ፣ እርስዎ።

ባለሙያ ሳማክር ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ያደገ ተክል ላይ ጉዳታቸው ቀላል ነው፣ ድንቹን ብዙም አይቀንሱብህም፣ ተዋቸው። ጭራሽ ጠበቃም አለዎት! ደሞ ልክ ነው፣ ሐረጉ እየተበሳም ያድጋል፣ እሱ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። ችግሩ ገና የተተከለው ለጋው ላይ ሲሰፍሩ ነው፣ እሱ የሚከፍለው ቅጠል የለውማ።

ስለዚህ እንደራደር። አጥሩ ላይ የሚጠመጠመው አረም የስኳር ድንች የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱንም እንደሚበሉ አውቃለሁ፣ አልነቅለውም፣ መድኃኒትም አልረጭበትም፣ ከነቤተሰብዎ ይግቡበት። ለጋውን ለኔ ይተዉልኝ። እምቢ ካሉ ግን በጠዋት የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዤ ነው የምመጣው፣ ያኔ ወርቅ ሆኑ ቀይ ግድ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅጠሉ አነስተኛ ባለድርሻ