አይሱዙው በር ላይ ከመቆሙ በፊት

እናቴ ጉለሌ ከነበረው ቤቷ ወጥታ ኮንዶሚኒየም የገባችው ዓምና ግንቦት ላይ ነው። 31 ዓመት የኖረችበት ቤት ነበር። እኔና ወንድሜ ዕቃ ማሰር የጀመርነው መኪናው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳን "እማዬ፣ ይሄስ?" እንላታለን። እሷ ደግሞ ታሪኩን ትነግረናለች። ሳህኑን ማን እንዳመጣው፣ ብርድ ልብሱ ለየትኛው ልጅ ወሊድ እንደተገዛ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ካርቶን እንኳ አልሞላንም። በማግስቱ ደነገጥንና መጠየቅ ተውን። ያገኘነውን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ እየከተትን አፉን በገመድ አሰርን። ክዳን የሌለው ፔርሙስ፣ ገመዱ የተቃጠለ ካውያ፣ ሦስት የማይሠሩ ሬዲዮዎች ተጭነው አዲሱ ቤት ገቡ። የአባቴ የወጣትነት ፎቶዎች ያሉበት አልበም ግን ከአሮጌ ደብተርና ጋዜጣ ጋር ተጠቅልሎ ለቆራሌው ተሰጠ። ስናስታውስ ሰውየው ሰፈሩን ለቆ ሄዷል። ወንድሜ እስከ ማታ ሲፈልገው ዋለ። አላገኘውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። ቤት ስንቀይር የምናወጣውና የምናስቀረው ነገር በመጨረሻው ቀን ጥድፊያ መወሰን የለበትም። አንድ ወር ይፈልጋል። ባይሆን ሁለት ሳምንት።

አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ የጥቂት ሰው ጉዳይ አይደለም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መግቢያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ስንቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች በብዙዎቹ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ኖረዋል። የግል ተከራዩም አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይዞራል። ቀኑ በእጁ ያልሆነ ሰው ምን ያድርግ? እሱን አልወቅስም። ቀኑን ቀደም ብሎ ያወቀ ሰው ግን ዛሬውኑ ይጀምር።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ነገር ምክር ሞልቷል። በብዛት የሚነገረው "አንድ ዓመት ሙሉ ያልነካኸውን ዕቃ አስወግድ" የሚለው ነው። ለእኛ ኑሮ አይሆንም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን አይጣልም። መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃው ነው የሚያድነን። ትልቁ ድስት ደግሞ ዓመት ሙሉ አልጋ ስር ተቀምጦ ለክርስትና ወይም ለተዝካር አንድ ቀን ይወጣል። ያቺ አንድ ቀን ስትመጣ ያለ እሱ አይሆንም።

ስለዚህ እኔ ሌላ ጥያቄ እመክራለሁ። ይሄ ዕቃ ሲያስፈልገኝ ከማን እዋሳለሁ?

ይሄ ጥያቄ እናቴን እንዳውቃት አደረገኝ። ለምን ያን ሁሉ ዕቃ ሙጭጭ አድርጋ እንደያዘች የገባኝ ያኔ ነው። በድሮው ሰፈሯ መሰላል ከፈለገች ከቀኝ ጎረቤት፣ ሙቀጫ ከፈለገች ከጀርባው ግቢ ትዋሳለች። የእሷን ትልቅ ድስት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቤት ስትቀይር የሚያውሷት ሰዎች አብረዋት አይሄዱም። ማንን እንደምታገኝ ወደማታውቀው ሕንፃ እየሄደች "ይሄንንስ ጣይው" ስንላት እንዴት እሺ ትበል? በዕድሜ የገፋ ሰው ዕቃ አልለቅም ሲል ቶሎ አንቆጣ። አዲሱ ሰፈር የሚያኖር መሆኑን ገና አላየም።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካርቶን አይደለም፤ ሜትር ነው። አዲሱ ቤት ሄዳችሁ በሩን፣ ደረጃውን፣ አልጋ የሚቀመጥበትን ግድግዳ ለኩ። አብዛኛው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ከምድር በላይ አራት ፎቅ አለው፣ ሊፍት የለውም። የእናቴ ቡፌ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም አይሄድ፣ ወደ ታችም አይመለስ። ወዛደሮቹ አንዱን ጎኑን ነቅለው አሳለፉት። የብርጭቆ ማስቀመጫው መስታወት ግን ረገፈ። በሜትር ብንለካው ኖሮ ጉለሌ እያለን ለሚፈልገው ሰው በደህና ዋጋ ይሸጥ ነበር። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አንስቶ ለመለጠፍ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ዋጋን ካነሳሁ አይቀር፣ በመጨረሻው ቀን የሚሸጥ ዕቃ ዋጋ የለውም። ገዢው በር ላይ የቆመውን አይሱዙ ያያል። የሚሰጣችሁም መቸኮላችሁን አይቶ ነው። ጫኝና አውራጅ ደግሞ የሚከፈለው በዕቃው ብዛትና በፎቁ ቁጥር ነው። እኛ ለሦስቱ የማይሠሩ ሬዲዮዎች ሦስተኛ ፎቅ መውጫ ከፍለናል።

መጣል የሚለውን ቃል ራሱን አልወደውም። በእኛ ከተማ ዕቃ መንገድ አለው። ቆራሌው የሚወስደው ብረትና ጠርሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ፣ ባልዲ ወይም ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ልዋጮቹ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስደው ሳፋና ጆግ ይሰጣሉ። የተሰበረ ካውያ እኛ ቤት ማዳበሪያ ውስጥ ከሚቀመጥ አንድ ባለሙያ ፈትቶ ዕቃውን ቢጠቀምበት ይሻላል። ደህና ልብስ ያለው ሰው ደግሞ እንደ መቄዶንያ ላሉ መርጃ ማዕከላት ወይም በቅርቡ ላለ ቤተ እምነት ይስጥ። ግን ታጥቦ። ዚፑ ተሠርቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ። ቆሻሻ ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መስጠት ተቀባዩን ማዋረድ ነው።

እዚህ ላይ እናቴን ላመስግን። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ በትክክል የተሠራው አንድ ነገር እሷ ብቻዋን የሠራችው ነው። የአባቴ ካፖርት ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ስምንት ዓመት ቆይቷል። ልዋጩ አይቶት አንድ ትልቅ ሳፋና ሁለት ጆግ አቀረበ። "የሰውየውን ካፖርት በሳፋ አልለውጥም" አለችው። ይሄ የሆነው ከመግባታችን አንድ ወር በፊት ነው። ከዚያ አጠበችው። ሁለት ቀን ጥላ ላይ አደረቀችው። ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ውስጠኛው ኪስ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት አገኘች። ትኬቱን አስቀረች፣ ካፖርቱን ለፊት ለፊቱ ግቢ ዘበኛ ሰጠችው። አሮጌውን ሰፈር ልትጠይቅ ሐምሌ ላይ ስትሄድ ለብሶት አየችው። ደስ ብሏት መጣች። እኛ በሁለት ቀን ያደረግነውን ሁሉ እሷ በአንድ ካፖርት በለጠችን።

አንድ ሰው ለመሰነባበት ጊዜ ካገኘ ለመልቀቅ አይከብደውም። ይሄንን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የቤት ውል፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ካርድ፣ ፎቶ። እነዚህ መኪና ላይ አይጫኑም። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና አንድ ዕቃ ሳይነሳ፣ በአንድ ቦርሳ ገብተው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ይንጠልጠሉ። እኛ ይሄን አድርገን ቢሆን አልበሙ ዛሬ እናቴ ራስጌ ይሆን ነበር።

ትልቁ ድስት መጨረሻው ምን ሆነ? ከእኛ ጋር ሄደ። እናቴን ማሳመን አልቻልንም። ማድ ቤቱ ውስጥ አልገባ ሲል በረንዳ ላይ ተደፋ። ሦስት ወር እዚያው ተቀመጠ፣ ልብስ ማስጫውን ዘግቶ። ብሎኩ እድር ማቋቋም ሲጀምር ሰብሳቢው ቤት ለቤት እየዞሩ ሲመዘግቡ እኛ ቤት መጡ። ድስቱን አዩና "እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?" አሏት። "የእድሩ ነው" አለቻቸው። በዚያው ቀን ሁለት ልጆች መጥተው ተሸክመው አወረዱት። አሁን የጋራ መጠቀሚያው ክፍል ውስጥ ከእድሩ ሳህኖች ጋር ነው የሚቀመጠው።

ኅዳር ላይ አንደኛ ፎቅ ለቅሶ ነበር። ድስቱ ወጣ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ወርዳ ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። ስትመለስ የአምስት ጎረቤት ስም ነገረችኝ። አንዷ ሙቀጫ አላት።