ብሳናውን ለምን መነጠርነው?

ወገኖቼ፣ የሐዋሳ ሰዎች፣ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ከከተማችን በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ችግኝ ልንተክል ወጣን። ኮረብታው ባዶ አልነበረም። ከከብት ተከልሎ ስለቆየ ብሳናው ከሰው ቁመት አልፏል፤ በጥላው ሥር ጥቁር እንጨት የሚባለው አገር በቀል ዛፍ ጣት አክሎ በቅሏል፣ ሁለት ሦስት የዝግባ ቡቃያም ብቅ ብሎ ነበር። ዘሩን ወፍ ነው ያመጣው፤ አንድ ብር አልወጣበትም። ያንን ሁሉ «ቁጥቋጦ ነው» ብለን በገጀራ መነጠርነው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ግራቪሊያ የሚባለውን የውጭ ዛፍ በመስመር ደረደርን፣ ብዙውን ከነፕላስቲኩ፣ ስንዝር በማይሞላ ጉድጓድ። ፎቶ ተነሥተን ወረድን።

ጥር ላይ ችግኙ ደርቆ ቆሟል። አንዱ ሲነቀል ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ውኃ ከእጁ ስንዝር ርቆ ሳለ በጥም ሞተ።

በማን ልፍረድ? ገጀራውን ያነሣነው እኛው ነን። የምናውቀውም አፋችንን ዘግተን ቆምን። ይህ ያሳፍራል።

ብሳና የጠራራውን ፀሐይ ችሎ ቀድሞ ይወጣል፤ ቅጠሉ ረግፎ አፈር ይሆናል፤ እነዝግባ የሚያድጉት በእሱ ጥላ ነው። እሱን መንጥሮ አገር በቀል ደን እመልሳለሁ ማለት ጣራውን አፍርሶ ልጅ እንደማስተኛት ነው። አፈሩም ታጥቦ የሚሄደው ወደ ሐይቃችን ነው፤ ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም፣ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል።

እባካችሁ፣ ቆፋሪ ከመውጣቱ በፊት የበቀለውን የሚያውቅ ሰው ይዙር፤ በቡቃያው አጠገብ ለምልክት እንጨት ይትከልበት፣ ዙሪያው ይታረም። መትከል ያለበት ክፍቱ ቦታ ብቻ ነው። ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ መጀመሪያ ይመለስ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ፣ ከታች የተጠማዘዘው ሥር በምላጭ ይቆረጥ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገቱ አይቀበር። የጥቁር እንጨት ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ሳይከርም ይዘራ፤ ከደረቀ በከንቱ ትጠብቁታላችሁ። ከሁሉ በላይ ፍየል አይግባ።

ሰሞኑን ከገጀራው የተረፈው የብሳና ጉቶ አቆጥቁጧል፤ ከአንዱ ሥር አራት ቀንበጥ ወጥቷል። ዘንድሮ ለተከላ ስንወጣ እሱን እንኳ አንንካው።