ማስተካከያ፦ ኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ) የመንግስት መስሪያ ቤት አይደለም

ሰሞኑን ሼር እየተደረገ ያለው ፖስት «ኢሰመጉን ፓርላማ ነው ያቋቋመው፣ በጀቱም ከመንግስት ነው» የሚለው ልክ አይደለም። በአዋጅ 210/1992 የተቋቋመው ኢሰመኮ ነው፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። ኢሰመጉን ግን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ጓደኞቻቸው ናቸው በ1984 ዓ.ም የመሰረቱት፣ የአባላት ድርጅት ነው፣ ኮሚሽኑ ሳይወለድ ስንት መግለጫ አውጥቷል በናታችሁ!

ሌላው «ከውጭ ብር መቀበል አይችልም» የሚለውም የድሮ ወሬ ነው። በ2001ዱ አዋጅ 621 ሰብአዊ መብት ላይ የሚሰራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነበር፣ ያኔ የኢሰመጉ የባንክ አካውንት ታግዶ፣ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ ተዘግተው፣ ጭራሽ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ከስሙ አውርዶ «ሰመጉ» ሆኖ ነው ዓመታት የገፋው፣ ህጉ በኢትዮጵያ ስም ለመጠራት ቢያንስ አምስት ክልል ውስጥ መስራት አለብህ ይል ስለነበር (ቀልድ ይመስላል ግን ህግ ነበር)። በ2011 አዋጅ 1113 ያንን ሽሮታል፣ 10 በመቶውም አብሮ ቀርቷል።

አቤቱታ ያለው ሁለቱም ጋ መሄድ ይችላል፣ ኢሰመጉ ግን ማንንም የማዘዝ ስልጣን የለውም፣ መርምሮ መግለጫ ማውጣትና መወትወት ነው ስራው። ፖስቱን የለጠፋችሁ ኤዲት አድርጉት።