ለቫስኮ ዳ ጋማ የሚገባው ግማሹ ነው

የመማሪያ መጻሕፍት ቫስኮ ዳ ጋማን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸኙታል፤ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ ያገኘ ፖርቱጋላዊ ነው ይሉና ወደ ማጄላን ያልፋሉ። ጉዞውን ደርሶ መልስ በቅርብ ለተከታተለ ሰው ይህ አባባል አይዋጥለትም። በአትላንቲክ ላይ የተሠራው ሥራ በእውነትም የእሱና የአገሩ ሰዎች ነው። የሕንድ ውቅያኖስን ግን ከእሱ በፊት ለዘመናት ሲመላለሱበት የኖሩ ሰዎች እጁን ይዘው ነው ያሻገሩት። ብቻውን ሊመለስ የሞከረ ጊዜ የሆነውን እናያለን። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁላይ 8 ቀን 1497 ከሊዝበን ሲነሣ አራት መርከቦችና 170 ያህል ሰዎች ነበሩት። ሳኦ ጋብሪኤልን ራሱ፣ ሳኦ ራፋኤልን ወንድሙ ፓውሎ፣ ቤሪዮን ኒኮላው ኮኤልዮ ያዙ፤ አራተኛዋ ስንቅ ጫኝ ነበረች። ከእሱ በፊት በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ የዞረው ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜዎ ዲያስ፣ ወደ ጥልቁ ባሕር ከመውጣቱ በፊት፣ አብዛኛውን መንገድ የወረደው የባሕሩን ዳርቻ ይዞ እየታገለ ነበር። በዚያ ዳርቻ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታል፤ የቤንጌላ የውኃ ጅረት ደግሞ ከሥር ወደ ሰሜን ይገፋል። አራት ማዕዘን ሸራ የሰቀለ መርከብ ነፋስን በቀጥታ መጋፈጥ አይችልም፤ ቢጠጋ ቢጠጋ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ዳ ጋማ ኦገስት 3 ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲወጣ ዳርቻውን ትቶ ወደ ጥልቁ ባሕር ገባ። ነፋሱን በጎን እየተቀበለ በምዕራብ በኩል ሰፊ ቅስት ሠርቶ ወረደ፤ ደቡብ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ሲያገኝ ታጠፈ። መሬት ያዩት ኖቬምበር 4 ነው። ከ90 ቀን በላይ ከሰማይና ከውኃ በቀር ያዩት አልነበረም። ኮሎምበስ በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ መሬት ለማየት አምስት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀበት።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ጫፉን አለመሳታቸው ይደንቃል። ከምድር ወገብ በታች የሰሜን ኮከብ አይታይም፤ ያላቸው የቀትር ፀሐይ ብቻ ነው። ከፍታዋን በአስትሮላብ ይለካሉ፣ የዕለቱን ቁጥር ከሰንጠረዥ ያወጣሉ፣ ደምረው ወይም ቀንሰው ኬክሮሱን ያገኛሉ። ችግሩ መርከብ ይናወጣል፤ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ደግሞ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ሴንት ሄሌና በተባለው የባሕር ወሽመጥ መልሕቅ እንደጣሉ ትልቁን የእንጨት አስትሮላብ ይዘው ወደ የብስ ወረዱና ለኩ። ጫፉ ሊደርሱበት 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ኖቬምበር 22 ዞሩት።

በጃንዋሪ 1498 ኬሊማኔ፣ ዛሬ ሞዛምቢክ በምትባለው አገር፣ እጅና እግራቸው አበጠ፤ ድዳቸው ጥርሳቸውን እስኪሸፍን አብጦ መብላት አቃታቸው። ስከርቪ ነው። የሰው ገላ ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ ደረቅ ብስኩትና በጨው የተያዘ ሥጋም አይሰጠውም፤ ያለው ክምችት በሁለት ሦስት ወር ያልቃል። ኤፕሪል ላይ ሞምባሳ ሲደርሱ ንጉሡ በግ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ ላከላቸው፤ ሕመምተኞቹም አገገሙ። ከመርከበኞቹ አንዱ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ግን ምስጋናውን ለአገሩ አየር ይሰጣል። መድኃኒቱ በእጃቸው ገብቶ ሳያውቁት አለፉ።

ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ባለችው የወደብ ከተማ በማሊንዲ ነገር ቀናቸው። ንጉሡ ከሞምባሳ ጋር ጠበኛ ስለነበር እንግዶቹን በወዳጅነት ተቀብሎ ከሕንድ ጉጃራት የሆነ መንገድ መሪ ሰጣቸው። ሰውየው ዝነኛው ዐረብ መርከበኛ ኢብን ማጂድ ነው ሲባል የኖረውን ተመራማሪዎች ውድቅ አድርገውታል። የዚያ ባሕር መርከበኞች ካማል የሚባል መሣሪያ ነበራቸው፤ ትንሽ የእንጨት ጣውላ ስትሆን መሐሏ ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ ታስሯል። ገመዱን በጥርስ ነክሰው ጣውላዋን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ የታችኛው ጠርዟ አድማሱን፣ የላይኛው የሰሜን ኮከብን ሲነካ ቋጠሮውን ያያሉ። አንዱ ቋጠሮ የአንድ ወደብ ኬክሮስ ነው፤ ኮከቡ በዚያ ቋጠሮ እስኪገጥም ሄደው ከዚያ ወደ ወደቡ ያቀናሉ። ከጣውላዋም በላይ የሚያዋጣው ወቅት ማወቅ ነበር። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ እኛ ዘንድ ክረምት በሆነበት ጊዜ፣ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፤ ሲበረታ የምዕራብ ሕንድ ወደቦች ይዘጋሉ። ከኖቬምበር በኋላ ይገለበጥና ከሕንድ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል። ኤፕሪል 24 ከማሊንዲ ወጥተው ሜይ 20 በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ካለችው የቅመም ንግድ ከተማ ከካሊከት ደጃፍ ደረሱ። ወደቡ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በ26 ቀን!

ካሊከት ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናንሣ። መርከበኞቹ ሞዛምቢክ ደሴት ሳሉ ሲፈልጉት የኖሩት ክርስቲያን ንጉሥ፣ «ፕሬስተር ጆን» የሚሉት፣ በግመል ወደ ውስጥ በሚገባበት አገር ይኖራል ሲባሉ በደስታ አለቀሱ። በዚያው ጊዜ በ1487 በሌላ መንገድ የተላከው የአገራቸው ልጅ ፔሮ ዳ ኮቪልሃ እኛው አገር ነበር። ካሊከትንም ጎዋንም አስቀድሞ ያየ ሰው ነው፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች በሕይወት አገኙት። ከካይሮ የላከው ዘገባ ለዳ ጋማ ደርሶ እንደሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። እኔ አልደረሰውም ባይ ነኝ፤ ማስረጃዬ ለካሊከት ገዥ ለዛሞሪን ያዘጋጀው ስጦታ ነው፦ 12 ባለ መስመር ጨርቅ፣ 4 ቀይ ቆብ፣ 6 ባርኔጣ፣ 4 ክር መርጃን፣ 6 የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ አንድ ሣጥን ስኳር፣ ሁለት በርሜል ዘይትና ሁለት በርሜል ማር። ሹማምንቱ ሳቁ። ከመካ የሚመጣ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል፣ ለንጉሥ የሚሰጠው ወርቅ ነው አሉት። የቅመም ንግድ ከተማን የሚያውቅ ሰው ማርና ባርኔጣ ይዞ አይሄድም።

ከዚያ በቀረጥና በመያዣ ሰዎች ተጣልተው ኦገስት 29 ካሊከትን ለቀቁ። ሕንድ አጠገብ ባለችው አንጄዲቫ ደሴት መርከቦቹን ጠግነው ኦክቶበር 5 ወደ አፍሪካ ተነሡ። ጉዞው የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ነፋስ አልቋል፣ ሌላው አልጀመረም። ሁለት ወር ቢታገሡ ኖሮ በአንድ ወር ገደማ በተሻገሩ ነበር። ነፋስ አልባ ባሕር ላይ ቆመው፣ ሲነፍስም ፊት ለፊት እየመታቸው፣ መቋዲሾን ያዩት ጃንዋሪ 2 ቀን 1499 ነው። 30 ሰው ሞተ፤ በእያንዳንዱ መርከብ ሥራ የሚችሉ ሰባት ስምንት ሰዎች ቀሩ። ማሊንዲ ሲደርሱ ለሕመምተኞቹ ብርቱካን ፍለጋ ሰው ላኩ፤ ለብዙዎቹ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። የሚነዳት ሰው ስለጠፋ ሳኦ ራፋኤልን አቃጠሏት። ፓውሎ አዞረስ ላይ ሞተ። አገራቸው የገቡት 55 ያህል ናቸው።

ዳ ጋማ ነፋሱን ካወቀ በኋላ ምን እንዳደረገበት መጻሕፍቱ ይዘሉታል። በ1502 በ20 ያህል መርከቦች ተመልሶ፣ ከመካ የሚመለሱ መንገደኞችን የጫነች ሚሪ የተባለች መርከብ ዘርፎ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር በውስጧ እያሉ አቃጠላት። ይህን ያደረገው የባሕሩን መንገድ ካስተማሩት ሰዎች ወገን በሆኑት ላይ ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 1524 ኮቺን ላይ ሞተ።

እስከዚያ የፖርቱጋል መርከቦች የጉጃራቱን መሪ ወቅት አጥንተው ጨርሰዋል፤ በማርች ገደማ ከሊዝበን ይወጣሉ፣ በሴፕቴምበር ሕንድ ይገባሉ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ይመለሳሉ። የሕንዱ አገረ ገዥ የነበረው ልጁ ኢስቴቫኦም በ1541 መባቻ፣ ነፋሱ ከሕንድ በሚነሣበት ወቅት፣ ከጎዋ ተነሥቶ ፌብሩዋሪ ላይ ምጽዋ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በወንድሙ በክሪስቶቫኦ የሚመሩ 400 ነፍጠኞች እዚያው ወረዱ።